እየተሳሳትን እንነጋገር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት በአንዷ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጃፓንኛ ትምህርትሽ ንገሪን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጃፓንኛ ለማን ይጠቅማል ብዬ ነው። በኋላ ሳስበው ግን የምነግራችሁ ነገር ብዙው ስለ ማፈር እንደሆነ ገባኝ። ማፈርን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጃፓንኛን የጀመርኩት እንደ ብዙ የዘመኔ ልጆች አኒሜ እያየሁ ነው። ከሠራዊት ስወጣ መጻሕፍት ገዛሁና ማታ ማታ ብቻዬን ማጥናት ጀመርኩ። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ ሁለት የፊደል ገበታዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት አሏቸው። አባቴ ገበታውን አየና «ይኼማ የኛው ሀ ሁ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ «ከ ኩ ኪ ካ» እንደምንል እነሱም «ካ ኪ ኩ ኬ ኮ» ይላሉ። ካንጂ የሚባለው ከቻይና የመጣው ጽሕፈት ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተመደቡት ብቻ 2136 ናቸው።

ሁለት ዓመት እንዲህ አጠናሁ። ፈተናም አለፍኩ። በየአገሩ የሚሰጠው የጃፓንኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና አምስት ደረጃ አለው። ቃላት፣ ሰዋስው፣ ንባብና ማዳመጥ ይጠይቃል። የመናገር ክፍል ግን የለውም። ስለዚህ አንድም ቀን አፉን ሳይከፍት የሚያልፍ ሰው ይኖራል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያ አየሁ። ጃፓንኛ የሚማሩ ሰዎች በየማክሰኞው ማታ እየተገናኙ ይነጋገራሉ ይላል። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ከኋላዬ አንድ ጡረተኛ ሰውዬ መጡና በሩን ከፍተው «ግቢ» አሉኝ። ምን ላድርግ? ገባሁ።

አምስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ወደኔ ዞራ «ኦናማኤ ዋ?» አለችኝ። «ስምሽ ማን ነው?» ማለቷ ነው፤ የመጀመሪያው ትምህርት የመጀመሪያ ጥያቄ። ሁለት ዓመት ያጠናሁት ልጅ የገዛ ስሜን መናገር አቃተኝ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። በዕብራይስጥ «ለማዳመጥ ብቻ ነው የመጣሁት» ብዬ ተቀመጥኩ።

ማታ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ያስታወስኩት እናቴን ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የወላጆች ስብሰባ ነበር። መምህሯ እናቴን አንድ ነገር ጠየቀቻት። እናቴ ቃሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች መመለስ ስትጀምር እኔ አፈርኩባት። «እማ፣ ተይው፣ እኔ እናገራለሁ» ብዬ አቋረጥኳት። ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ክሊኒክም እንሂድ፣ ቢሮም እንሂድ፣ እናቴ እኔን እያየች ትጠብቃለች። እኔም ለብዙ ዓመት ዕብራይስጥ የማታውቅ ይመስለኝ ነበር።

ያን ማታ ቤት ስገባ የሆነውን ነገርኳት። የስምንተኛ ክፍሉንም አነሳሁባትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀችና እንዲህ አለችኝ፦ «በ1991 እንደመጣን ኡልፓን ስንገባ እኮ ሁላችንም እናወራ ነበር። ማንም በማንም አይስቅም፤ ሁላችንም እኩል ነና። ዝም ያልነው ከዚያ በር ከወጣን በኋላ ነው። አንቺም ሂጂ፣ ከእኩዮችሽ ጋር ተሳሳቺ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሄድኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ።

አሁን እንዴት እንደምንሠራ ልንገራችሁ፤ ለማንኛውም ቋንቋ ይሆናልና። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ አንድ አጭር ንግግር ከድምፅ ቅጂ እየሰማን ተከትለን ጮክ ብለን እንላለን። አፍ ይሟሟቃል። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነን ባለፈው ሳምንት በተስማማንበት ርዕስ፣ ለምሳሌ «ቅዳሜና እሑድ ምን ሠራሽ?» በሚለው፣ ለአራት ደቂቃ አንዱ ይናገራል ሌላው ያዳምጣል። ጓደኛ ቀይረን ያንኑ ነገር በሦስት ደቂቃ፣ እንደገና ቀይረን በሁለት ደቂቃ እንናገራለን። በመጀመሪያው የተንተባተበ ሰው በሦስተኛው ሲፈስለት ታያላችሁ።

ሕጋችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሰዓቱ እስኪደወል ዕብራይስጥ የለም። ቃል ከጠፋ «ሞ ኢቺዶ ኦኔጋይ ሺማስ»፣ «እባክህ አንዴ ድገምልኝ» ይባላል፤ ወይም በእጅ ይታያል። ሁለተኛ፣ የሚናገር ሰው አይታረምም። ስሕተቱን የሰማ ይጽፈዋል፣ መጨረሻ ላይ ሦስቱን መርጠን እናያለን። ሦስተኛ፣ ያዳመጠ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጃፓኖች ሲያዳምጡ በየመሃሉ «ሃይ»፣ «ኤ»፣ «ሶ ዴስ ኔ» ይላሉ። ይኼን «አይዙቺ» ይሉታል። ስልክ ላይ ዝም ካላችሁ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሞሺ ሞሺ?» ይላሉ። እኔ ይኼን ለመልመድ አልተቸገርኩም። አያቶቻችን ወሬ ሲሰሙ «እህ»፣ «አዎን»፣ «በል እሺ» ሲሉ ነው ያደግነው።

አማርኛ የጠቀመኝ በዚህ ብቻ አይደለም። በጃፓንኛ ግሥ የሚመጣው እንደኛ መጨረሻ ላይ ነው። «ኪኖ ካታ ሆን» ማለት በቅደም ተከተል «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ነው። በዕብራይስጥ መጽሐፉ ይቀድማል፣ ትናንት መጨረሻ ይመጣል፤ ጓደኞቼ ዐረፍተ ነገሩን ለመገልበጥ ሲታገሉ እኔ እቤት ከምሰማው ቀጥ ብሎ ይመጣልኛል። ማጥበቅና ማላላትም አላቸው። እኛ «አለ» ስንል ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። እነሱም «ኪቴ» ሲላላ «ና» ነው፣ ሲጠብቅ ቴምብር ነው። ቡድኑ ውስጥ ይኼን ለማስተማር እኔ ተመረጥኩ! በአማርኛዬ የተመሰገንኩበት የመጀመሪያው ቦታ የጃፓንኛ ቡድን ሆነ ማለት ነው።

እኔ የማልሰማውን ደግሞ ሌላው ይሰማልኛል። አንድ ቀን ስለ አክስቴ እየተናገርኩ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አክስት «ኦባሳን» ነው፤ «ባ»ን ካስረዘሙት ግን ሴት አያት ይሆናል። እኔ አስረዝሜ «አያቴ ሠላሳ ዓመቷ ነው» ብያለሁ። ነገሩን ያስረዳኝ ዐረብኛ ተናጋሪው ጓደኛችን ነው፤ በእሱ ቋንቋ የአናባቢ ማጠርና መርዘም ትርጉም ይለውጣልና። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ድሮ ቢሆን አልመለስም ነበር።

አደጋ የለውም አልላችሁም። ተማሪ ከተማሪ ጋር ሲያወራ ስሕተትም ይማማራል። እኛ ለብዙ ወር እርስ በርሳችን «አናታ» እንባባል ነበር፤ መጽሐፉ «አንተ፣ አንቺ» ብሎ ስለተረጎመው። በኋላ እዚህ አገር የምትኖር አንዲት ጃፓናዊት በወር አንድ ቀን እንድትመጣልን ለመንናት። እሷንም «አናታ» አልናት። ፈገግ ብላ አስረዳችን፤ ሰውን በስሙ ጠርቶ «ሳን» መጨመር ነው ወጉ፣ «አናታ» ለማያውቁት ወይም ለታላቅ ሰው አይባልም። እኔ በተለይ አፈርኩ። «አንቱ» የሚባልበት ቤት ያደግኩ ልጅ፣ ቋንቋ ሁሉ የራሱ «አንቱ» እንዳለው መጠርጠር ነበረብኝ። ስለዚህ ቡድን የምትጀምሩ፣ በየጊዜው የሚያርም አዋቂ ፈልጉ። በሌላው ጊዜ ግን ከእኩያ ጋር አውሩ። እኔ በአዋቂ ፊት በአንድ ሰዓት የማልናገረውን ከእኩዮቼ ጋር በአምስት ደቂቃ እናገራለሁ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኛ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ያደግን ነን። ለሌላ ነገር ጥሩ ምክር ነው። ቋንቋ ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል። ጃፓኖች ደግሞ፣ መጠየቅ የአፍታ ኀፍረት ነው፣ አለመጠየቅ የዕድሜ ልክ ኀፍረት ነው የሚል ተረት አላቸው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አማርኛ እየሰማችሁ በዕብራይስጥ የምትመልሱ ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፣ አውቃለሁ። ታላላቆቻችን ፊት ተሳስተን እንዳይሳቅብን ነው። ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በሳምንት አንድ ማታ አንድ ክፍል ይሰጠን። ስድስት ሆነን እንጀምራለን፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ደቂቃ እንናገራለን። በወር አንድ ቀን አንድ እናት ወይም አንድ አባት መጥተው ያርሙናል። መጥተው ለመሳቅ ሳይሆን ለማረም ቃል የሚገቡ ካሉ ከስብሰባው በኋላ ያነጋግሩኝ።

ስለ እናቴ ልጨርስ። ባለፈው ወር ክሊኒክ ሄድን። ጸሐፊዋ ስትጠይቃት እናቴ እንደ ልማዷ ዞራ አየችኝ። እኔም ስልኬን አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቃሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ተናገረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፣ ከኋላችን ሰልፍ ነበር። ቀጠሮውን ግን ራሷ ይዛ ወጣች።