የእንጦጦ ዳገትና የወታደሩ ደመወዝ



በየካ የሚኖር ወጣት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን ሲፈጽም ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ወዴት ልትሄድ አሰብህ?» እያለ ይጠይቀዋል። መልሱ ውትድርና የሆነ እንደሆነ አብዛኛው ሰው በሐሳቡ የሚሥለው ጠመንጃና ምሽግ ብቻ ነው። ነገር ግን ከየካ በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ ላይ ከሌላው የወታደር ሥራ ፈጽሞ የተለየ አንድ ሙያ ሥር ሰድዷል። ይኸውም የወታደር ሯጭነት ነው።

አበበ ቢቂላ ክቡር ዘበኛ የገባው በተራ ወታደርነት ነበር። በዚያ ዘመን ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ከወታደሮቹ መካከል ብርቱ ሯጮችን እየመረጠ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ ያሠለጥን ነበር። የዚህም ሥልጠና ፍሬ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት፣ በሮማ ታየ። አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ይህም ለአንዱ ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ያህል ነው።

ነገሩን በመሐንዲስ ዓይን ለሚመለከት ሰው ምክንያቱ ተአምር አይደለም። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ግድም ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነት የኦክሲጅኑን ማነስ ለመቋቋም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ይሁን እንጂ አየሩን የየካ እንጨት ለቃሚም ይተነፍሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው ጦር ሠፈሩ ነው። ወታደሩ ደመወዝ፣ ቀለብ፣ አሠልጣኝና የተወሰነ ሰዓት ነበረው። ዕለት ዕለት ዳገት ለመውጣት የቤተሰቡን እንጀራ መተው አላስፈለገውም።

በዚሁ መንገድ በኮሪያ የዘመተው የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶን ባለ ድል ሆነ። የአየር ኃይሉ ምሩጽ ይፍጠር ደግሞ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። የመከላከያ የስፖርት ክለብም እስከ ዛሬ ለሯጮች በሩን አልዘጋም።

ሆኖም ለወጣቱ የሚነገረው ይህ ብቻ ከሆነ ምክሩ ጎዶሎ ይሆናል። ሯጩ አስቀድሞ ወታደር ነው። ከሮማው ድል በኋላ ሦስት ወር እንደ ተቆጠረ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አስነሡ። ዓለም ያጨበጨበለት ሯጭ የነበረበት ያው ክፍል በከተማይቱ ውስጥ ውጊያ ገጠመ። ማልያ የለበሰ ወታደር የትእዛዙን አቅጣጫ አይመርጥም።

ሁለተኛም እግር ዘላለማዊ መሣሪያ አይደለም። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን የደገመው አበበ፣ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን በእንግሊዝ አገር ሲታከም ቆይቶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። ሩጫው ቀርቶም ከእርሱ ጋር የዘለቀው ለዓመታት የገነባው ጽናት ነበር።

ስለሆነም ልጁን ወይም የጎረቤቱን ልጅ የሚመክር የማኅበሩ አባል ወጣቱን ሁለት ነገር ቢጠይቀው መልካም ነው። ሜዳሊያ ባይገኝ፣ ወታደርነቱን ብቻውን ይወደዋልን? ጉልበቱ ሲደክምስ የሚኖርበት ሁለተኛ ሙያ በሠራዊቱ ውስጥ እየተማረ ነውን? ለሁለቱም «አዎን» ብሎ የሚመልስ ወጣት በየማለዳው ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ያለ ፍርሃት ይጀምር። ከሺህ አንዱ ሮማ ይደርስ ይሆናል፤ የቀሩት ግን ባዶ እጃቸውን እንዳይወርዱ ማሰብ የመካሪዎች ፈንታ ነው።