ጎረቤት ፍለጋ

ልጅ ከመደበኛ ትምህርት ቤትና ከቋሚ ሥርዓተ ትምህርት ውጭ፣ የራሱን ዝንባሌ ተከትሎ ሲማር በአሜሪካ «አንስኩሊንግ» ይባላል። ስያሜውን ያስተዋወቀው መምህርና ደራሲ ጆን ሆልት እ.ኤ.አ. በ1977 ቦስተን ውስጥ ለእነዚሁ ቤተሰቦች መጽሔት ጀመረ። የመጽሔቱ ትልቁ ውለታ ከጽሑፎቹ ይልቅ የቤተሰቦች አድራሻ ዝርዝሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ብቻዋን የቀረች የሚመስላት እናት የልጇን እኩያ፣ ለራሷም የምታማክረው ሰው ታገኝበት ነበር። ዛሬም ለጀማሪ ቤተሰብ ቅርቡ በር የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ መጽሐፍ በነፃ ያውሳል። በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ መናፈሻ የሚገናኙ ቤተሰቦችም አሉ፦ ልጆቹ ጭቃ ሲያቦኩ ወላጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ልምድ ይለዋወጣሉ። ልጅን ከትምህርት ቤት ውጭ የማስተማር ሕግ ግን በየግዛቱ ይለያያል። ቴክሳስ ሪፖርት አትጠይቅም፤ ኒው ዮርክ በየሩብ ዓመቱ ትጠይቃለች። ጀማሪ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚኖርበትን ግዛት ሕግ ያንብብ።