ወንበሩና ደጁ፤ ስለ ከተማ አዳራሽ ታሪክና አሠራር



የዛሬው ንግግራችን የአንድ ከተማ የጋራ ጉዳይ ስለሚታይበት ቤት ነው። ይህን ቤት እኛ ማዘጋጃ ቤት እንለዋለን፤ በሌላው አገር የከተማ አዳራሽ ይባላል። እንዲህ ያለው ቤት ከምን እንደ ተነሣ፤ ግንቡስ ለምን እንዲያ ሆኖ እንደ ተሠራ ስንመረምር፤ ነገሩ የድንጋይና የኖራ ብቻ ሳይሆን የባለሥልጣንና የባለጉዳይ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራውን ሁሉ ይነካናል።

ከሰቆጣ እንጀምር። የዋግ ደጋ ከላስታ በስተ ሰሜን፤ ከተከዜ ወዲህ ያለ፤ በሸለቆና በገደል የተቆራረጠ፤ ዝናቡ የሚያጥርበት፤ ማሩ ግን በሩቅ የተመሰገነ አገር ነው። ባላገሩም ኽምጣኛ የሚናገር የአገው ወገን ነው። የዛጔ መንግሥት በ1262 ዓ.ም. አልፎ ዐፄ ይኩኖ አምላክ በነገሡ ጊዜ፤ የቀደሙት ነገሥታት ዘር ዋግን በርስትነት ይዞ እንዲኖር ስምምነት እንደ ተደረገ ትውፊቱ ይነግረናል። በዚሁ ስምምነት ለዋግሹሞች ከቀሩላቸው የክብር መብቶች መካከል ሁለቱ በብዙ ሰው አፍ የሚነገሩ ናቸው፤ አንደኛው በብር ወንበር መቀመጥ፤ ሁለተኛው ነጋሪት ማስጎሰም። ልብ እንበል፤ ግንብ አልተባለም፤ እልፍኝም አልተባለም። ወንበርና ነጋሪት ነው የተባለው። ሹመቱ የታወቀው በበቅሎ ተጭኖ ሊሄድ በሚችል ዕቃ ነበር።

የዋግሹሞች ታሪክ ራሱን የቻለ ንግግር የሚፈልግ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም። ከዚሁ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፤ በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ ድል መሆናቸውን፤ በጠላት ወረራም ዘመን ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ለዚሁ ደጋ ተዋግተው በመስከረም 1930 ዓ.ም. መውደቃቸውን ማስታወስ ይበቃናል።

ወደ ወንበሩ እንመለስ። በአማርኛችን ወንበር የሚለው ቃል መቀመጫውን ብቻ የሚያመለክት አይደለም። በጥንቱ አነጋገር ዳኛውም ራሱ ወንበር ይባል ነበር። ዳኛው በተቀመጠበት ሁሉ ፍርድ ቤት አለ። ከዋርካ ወይም ከሾላ ሥር ሸንጎው ይሰበሰባል፤ ተሟጋቾቹ በልሃ ልበልሃ ይባባላሉ፤ መንገደኛው ቆሞ ይሰማል። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ እንኳ የሚያልፈውን ሽማግሌ አስቁመው የመንገድ ዳኛ ያደርጉት ነበር። ግድግዳ የሌለው ፍርድ ቤት ጉድለቱ ብዙ ነው፤ መዝገብ አይቀመጥበትም፤ ዝናብ ይበትነዋል። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ደግነት ነበረው። ለዳኛው ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ለባለጉዳዩም ጥላ ይሰጥ ነበር።

ሰቆጣ ደግሞ የገበያ ከተማ ናት። ባለፈው መቶ ዓመትና ከዚያም በፊት ከአፋር ምድር የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል እየተጫነ እዚያ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ወደ ደቡብ የሚወርደው ነጋዴ ይረከበዋል። ገበያ ባለበት ክርክር አለ፤ ክርክር ባለበትም ዳኛ ያስፈልጋል። ዐዋጅ የሚነገረውም ሕዝብ በተሰበሰበበት በገበያ ቀን ነበር። እንግዲህ ከተማን ከተማ የሚያደርጉት ሁለቱ ነገሮች፤ ሚዛንና ፍርድ፤ በአንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ይውሉ ነበር ማለት ነው።

ይህ የሰቆጣ ብቻ ልማድ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገርም የቆዩት የገበያ ከተሞች እንደዚሁ ነበሩ። እንግሊዞቹ ያደረጉት አንድ ነገር ቢኖር፤ ጎን ለጎን የነበሩትን ገበያና ፍርድ አንዱን ከሌላው በላይ መሥራታቸው ነው። ምድር ቤቱን በዓምድና በቅስት ብቻ አቁመው ግድግዳ ሳያደርጉለት ለገበያተኛው ተዉለት፤ ፎቁን አዳራሽ አድርገው ለዳኛና ለከተማው ሽማግሌዎች ሰጡ። ከእነዚህ ቤቶች መካከል አንዱን በምሳሌነት እንመልከት።

ከኦክስፎርድ በስተ ደቡብ፤ በቴምዝ ወንዝ ዳር፤ አቢንግደን የምትባል ከተማ አለች። በገበያዋ መካከል ብቻውን የቆመው አዳራሽ የተሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1678 እስከ 1682 ዓ.ም. ነው። ግንበኛው ክሪስቶፈር ኬምፕስተር የተባለ የድንጋይ ባለሙያ ሲሆን፤ ለንደን በ1666 ከተቃጠለች በኋላ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል በሠሩት በክሪስቶፈር ሬን ሥር የሠራ ሰው ነበር። ከምድር ቤቱ ቅስቶች ሥር ሰው በአራቱም ማዕዘን ይገባል ይወጣል። ከምድር እስከ ጣሪያው የሚደርሱ ታላላቅ ዓምዶች ከግድግዳው ጋር ተያይዘው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ረጃጅም መስኮቶች ተከፍተዋል። ጣሪያው ላይ ትንሽ የብርሃን ማማ ተቀምጣለች። ደረጃው በስተ ኋላ በኩል በተለየ ግንብ ውስጥ ስለ ተሠራ የታችኛውን ክፍት ቦታ አያጣብበውም። ፎቁ ሰፊ አንድ ክፍል ነው፤ እየዞሩ የሚያስችሉት የንጉሡ ዳኞች ወደ አውራጃው ሲመጡ የሚያስችሉት በዚያ ነበር።

ከተማይቱ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣችው ያለ ምክንያት አይደለም። አቢንግደን የበርክሺር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ሬዲንግ የምትባለው ከተማ ደግሞ ይህን ማዕርግ ትፎካከራት ነበር። ያማረ ቤት ሲሠራላቸው ዳኞቹ አይለዩንም ብለው ይሆናል። ነገር ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማዕርጉም ዳኞቹም ወደ ሬዲንግ ሄዱ። ፎቁ ወንበሩን አጣና ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል። ንጉሥ በሚነግሥበት ወይም ታላቅ የደስታ በዓል በሚሆንበት ቀን የከተማው ሹማምንት ከሰገነቱ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ትንንሽ ዳቦ ይወረውራሉ፤ የቆዩ ዳቦዎችም በቤተ መዘክሩ ተቀምጠዋል። ዳቦ በቤተ መዘክር መቀመጡ እኛን ቢያስቅም፤ ልማዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ምድር ቤቱ ግን ምንም አልጎደለበትም። በፎቁ ያሉት ቢለዋወጡም የታችኛው ጥላ የሕዝቡ ሆኖ ቀርቷል።

በነገራችን ላይ፤ በዊንድዘር ከተማ ስላለው የዚሁ ዓይነት አዳራሽ የሚነገር ጨዋታ አለ። የከተማው ሹማምንት ፎቁ ይወድቃል ብለው ስለ ፈሩ በመካከሉ ዓምዶች እንዲጨመሩ ክሪስቶፈር ሬንን አስገደዷቸው፤ እርሳቸውም ዓምዶቹን አቆሙ፤ ነገር ግን ጫፋቸው ጣሪያውን እንዳይነካ ጥቂት አሳጠሩት ይባላል። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፤ በዓምዶቹና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት እስከ ዛሬ ይታያል። በኮሚቴ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ጨዋታ ሳይተረጎምለት ይረዳዋል።

የአቢንግደን አዳራሽ ሲሠራ በኢትዮጵያ የነበሩት ንጉሥ ጻድቁ ዮሐንስ ናቸው፤ ያረፉትም አዳራሹ ባለቀበት ዓመት በ1682 ነው። እርሳቸውም በጎንደር ግቢ ውስጥ የጽሕፈት ቤትና የመጻሕፍት ቤት አሠርተዋል። እንግዲህ ለጽሕፈት ሥራ የድንጋይ ቤት መሥራት ለአገራችን ባዕድ አልነበረም። ከግቢውም አሥራ ሁለት በሮች አንዱ ወንበር በር ይባላል፤ የዳኞች በር ማለት ነው። ሆኖም የጎንደሩ ቤት ከቅጥር ውስጥ ነው፤ የአቢንግደኑ ከገበያ መካከል ነው። ባለጉዳዩ በጎንደር ከቅጥሩ ውጭ ከጃንተከል ዋርካ አካባቢ ይጠብቃል፤ በአቢንግደን ከፍርድ ቤቱ ወለል በታች ይጠብቃል። ደጅ መጥናት የሚለው ቃላችን የተወለደው ከቅጥር ነው ብንል አንሳሳትም።

ከጠላት መባረር በኋላ ነገሩ በሕግ ተደለደለ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በ1937 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቶችን የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። የዋግሹሞች ክብር የነበረው ነጋሪት ስሙን ለወረቀት አወረሰ፤ ሹሙም ከብር ወንበሩ ወርዶ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። በአዲስ አበባ ከቸርችል ጎዳና ራስጌ የሚታየውን ታላቅ ማዘጋጃ ቤት፤ የአፍሪካን አዳራሽ የነደፉት ኢጣሊያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ በ1950ዎቹ ሠሩት። ውስጡ የቴአትር አዳራሽ ያለው መሆኑን እንደ ትልቅ ብልህነት እንቆጥረዋለን፤ ሰው ግብር ሊከፍልና ውል ሊዋዋል የሚመጣበት ቤት፤ ሊስቅና ዘፈን ሊሰማም የሚመጣበት ሆኖ ነበርና። ይሁንና ግርማው ከሩቅ ለሚያየው የተሠራ ነው። ከደጁ ቆሞ ለሚጠብቀው ምን እንዳሰበለት ስንጠይቅ፤ የአቢንግደኑ ግንበኛ ይልቅ የተጨነቀ ይመስለናል።

አሁን ወደ ዋግ እንመለስ። ከዝቋላ፤ ከሰሃላ፤ ከአበርገሌ ወደ ሰቆጣ የሚመጣ ባለጉዳይ ብዙውን መንገድ በእግሩ ሊሄድ ይችላል። ከመሥሪያ ቤቱ ሲደርስ የሚያገኘው፤ በየአገሩ እንደምናውቀው፤ የቆርቆሮ አጥር፤ አንድ ዘበኛና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። አግዳሚው ለአራት ሰው ቢበቃ፤ የቀሩት ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ዛፉ ተቆርጦ ቢሮው ሲሠራ ጥላው የገባው ለጸሐፊው ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው፤ ጥላ ቢሠራ ፋይሉ አይፈጥንም፤ የሚያስፈልገው የሥራ ቅልጥፍና ነው ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥላ መዝገብ አያገላብጥም። ነገር ግን ባለጉዳዩ ከመስኮታችን ሥር ተቀምጦ ሲያየን ሥራችን የሚለወጥ አይመስለንምን? ከአጥር ውጭ የቆመውን መርሳት ቀላል ነው፤ ከወለላችን በታች የሚያወራውን ግን መርሳት አይቻልም።

የአሠራሩ ጥበብም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ከሰቆጣ አቅራቢያ ያለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአለት የተፈለፈለ ሆኖ፤ የፊት ገጹ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የሚገነባበትን የአክሱም አሠራር በአለት ላይ አስመስሎ ያሳያል፤ የዋግ ሹማምንት አስከሬንም በዚያ ይገኛል። በላስታና በዋግ ባላገሩ የሚሠራው ክብ የድንጋይ ቤት ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ ታችኛው ለከብት፤ ላይኛው ለሰው፤ ደረጃውም በውጭ በኩል ነው። ይህን ቤት ከአቢንግደኑ አዳራሽ ጋር ያነጻጸረ ሰው ይገረማል፤ ታችኛው ለጋራ፤ ላይኛው ለተለየ ሥራ፤ ደረጃው ቦታ እንዳይሻማ ወደ ውጭ። በቤተ ክርስቲያናችንም ደጀ ሰላም ለደጅ የተሠራ ቤት ነው፤ ነዳዩና መንገደኛው ከዝናብ የሚጠጋበት። እንግዲህ ለሚጠብቅ ሰው ጣሪያ መሥራት አባቶቻችን ያውቁበት ነበር፤ ወደ መሥሪያ ቤት ስንገባ ነው የተውነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ሰቆጣንም ደርሶ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ከዚያ ወዲህ የሚጠገነውና አዲስ የሚሠራው የመንግሥት ቤት ንድፍ በአንድ መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በአንድ የመምሪያ ኀላፊ ፊርማ ይጸድቃል። ያ ኀላፊ ከመፈረሙ በፊት የስብሰባውን አዳራሽና የራሱን ክፍል ስፋት እንደሚመለከት ጥርጥር የለንም። ከዚያ በኋላ ጣቱን ከንድፉ ላይ ወደ ዋናው በር አውጥቶ፤ ከዝቋላ የመጣችው እናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የት ትቀመጣለች ብሎ መሐንዲሱን ይጠይቀው። ስድስት ዓምድና የቆርቆሮ ክዳን መልስ ሊሆን ይችላል፤ የአገሩ ድንጋይና ቅስት ቢሆን ደግሞ ያምራል።