ከመንገድ በታች ያለው ቱቦ

(በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ ለጓደኞቻችን ያነበብነው ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ከመንገድ በታች ስለሚቀበረው የጎርፍ ቱቦና ስለ ትንንሹ ከልቨርት ነው ስንላችሁ ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል አይታጣም። ስለ ታላላቅ ግድቦች መናገር ይበልጥ ደስ ያሰኛል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የዓባይን ግድብ ያየ የውኃ ምሕንድስና ተማሪ ልቡ ወደዚያ ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ከእኛ መካከል ግድብ ለመሥራት የሚታደለው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ወደ ወረዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ተመድበን ስንሄድ የሚቀርብልን የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ መንገድ በዝናብ ጊዜ ይቈረጣል፤ ምን ያህል ቱቦ እንቅበርበት?» የሚል ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ የአንዱን ሰው እርሻ ያድናል ወይም ያጠፋል። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ አይደለም።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን ስፍራ እንመልከት። አርባ ምንጭ በተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት አርባ ምንጭ ያለችው በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መንገድ ግን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከተማይቱ ራስዋም ላይኛው ሴቻ፣ ታችኛው ሲቀላ ተብላ በሁለት ተከፍላለች። ከታች ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ተኝተዋል። እንግዲህ ከጋሞ ደጋ የሚነሣው ውኃ ሁሉ፣ በኩልፎም ይሁን በሐሬ ወንዝ ወይም ስም በሌለው ፈፋ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከምዕራብ ዓባያ ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣውም መንገድ የተራራውን ግርጌ ተከትሎ ስለሚሄድ ከላይ የሚወርደውን ፈፋ ሁሉ ማቋረጥ ግዴታው ነው።

በዚህ ስፍራ ሲቀላ ፀሐይ ወጥቶላት ሳለ ጎርፍ ሊመጣባት ይችላል፤ የዘነበው ከላይ ነውና። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን ሁላችን ሰምተናል። በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ ከላይ ከተራራው በዘነበው ዝናብ ሞልቶ በሌሊት ከ200 በላይ ሰው ገደለ። የእኛ ፈፋዎች ከደቻቱ ያነሱ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን የዚያው ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለትንንሽ ተፋሰስ የምንጠቀምበትን ቀመር ቶማስ መልቫኒ የተባለ የአየርላንድ መሐንዲስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1851 ጽፎታል። ነገሩ ቀላል ነው፦ የተፋሰሱን ስፋት በሄክታር፣ የዝናቡን ኀይል በሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ፣ ከዘነበውም ውስጥ መሬት ሳይመጠው የሚወርደውን ድርሻ እርስ በርሳቸው አባዝቶ ለ360 ማካፈል ነው። የሚገኘው ውጤት በሴኮንድ የሚመጣው ውኃ በሜትር ኩብ ነው።

ለምሳሌ 10 ሄክታር የሆነ ተፋሰስ እንውሰድ። ዝናቡ በሰዓት 80 ሚሊሜትር ይሁን፤ መሬቱ ዛፍና ሣር ስላለበት ከዘነበው ከመቶ 30 ብቻ ይወርዳል እንበል። በሴኮንድ 0.67 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ መሬት ቆርቆሮ ቤትና ኮብልስቶን ሲለብስ የሚወርደው ድርሻ ከመቶ 70 ይደርሳል። ዝናቡ ያው፣ መሬቱም ያው ሆኖ ሳለ ጎርፉ 1.56 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። እንግዲህ ለዛሬው ሣር ብቻ አስቦ ቱቦ የቀበረ ሰው ነገ ቤት ሲሠራ ቱቦው እንደሚያንስ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

«የዐሥር ዓመት ጎርፍ» የሚለውም ቃል ብዙዎቻችንን ያታልላል። በዐሥር ዓመት አንድ ጊዜ በቀጠሮ የሚመጣ እንግዳ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከዐሥር አንድ ነው፤ ስለዚህ በዐሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ 65 ይሆናል። ዘንድሮ መጥቶም ለከርሞ ሊደገም ይችላል። ለዐሥር ዓመት ጎርፍ የሠራነው ቱቦ አንድ ቀን ከዐቅሙ በላይ እንደሚመጣበት ማመን አለብን። ያን ቀን ትርፉ ውኃ በማን ቤት በኩል ያልፋል? ይህን ጥያቄ ዲዛይኑን የሚሠራው ሰው በወረቀቱ ላይ መመለስ አለበት።

ወደ ቱቦው እንምጣ። በ1889፣ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአየርላንድ ይሠራ የነበረው ሮበርት ማኒንግ ባቀረበው ቀመር ብንሄድ፣ ከመቶ አንድ ተዳፋት ያለው የኮንክሪት ቱቦ ወርዱ 60 ሳንቲሜትር ከሆነ ሞልቶ ሲፈስ በሴኮንድ 0.61 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል። 75 ሳንቲሜትር ሲሆን 1.1፣ 90 ሳንቲሜትር ሲሆን 1.8 ይደርሳል። ወርዱ እጥፍ ቢሆን የሚያሳልፈው ውኃ ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በቱቦ ወርድ ላይ የሚቈጠብ ገንዘብ ምን ያህል ክፉ ቍጠባ እንደ ሆነ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ነገር ግን ይህም ሒሳብ ብቻውን አይበቃም። ቱቦው በገደላማ ስፍራ ሲቀበር የሚወስነው ሆዱ ሳይሆን አፉ ነው። ያ 1.8 ያሳልፋል ያልነው ባለ 90 ሳንቲሜትር ቱቦ፣ 1.56 ሜትር ኩብ እንዲያስገባ ውኃው በአፉ ፊት ከቱቦው አናት በላይ ተቈልሎ መቆም አለበት። መንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ውኃው ተቈልሎ እስኪገባ አይጠብቅም፤ በላዩ አልፎ አስፋልቱን ይገነጥላል። ስለዚህ የቱቦውን ወርድ ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ከፍታና በአፉ ላይ የሚሠራውን የድንጋይ ግንብ አብረን ማስላት አለብን።

እስካሁን የተናገርነው በክፍል ውስጥ የተማርነውን ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ከክፍል ውጭ የተማርነውን ነው።

ለመልመጃ እንዲሆነን ከተራራው ግርጌ አንድ የአፈር መንገድ የሚያቋርጥ ፈፋ መርጠን ለእርሱ ከልቨርት አሰላን። ዝናቡን ወሰድን፣ ተፋሰሱን ለካን፣ ቱቦ መረጥን። ሥዕሉም ያማረ ነበር። ወረቀታችንን ይዘን ወደ ስፍራው ስንወርድ ከመንገዱ በታች ሙዝ ያላቸው አንድ ሽማግሌ አገኘን። ምን እንደምንሠራ ጠየቁን፤ ነገርናቸው። ሥዕሉን ዘርግተን ቱቦው በሴኮንድ ስንት ውኃ እንደሚያሳልፍ ስናስረዳ በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያ በኋላ፣

«ልጆቼ፣ ውኃውንስ አሳለፋችሁት፤ አፈሩንና ድንጋዩንስ ወዴት ልታደርጉት ነው?» አሉን።

ዝም አልን። እርሳቸውም ቀጠሉና፣ «ደግሞስ እዚህ ላይ ሰብስባችሁ ስትለቁት የሚያርፈው በእኔ ሙዝ ላይ አይደለም?» አሉ።

«አባባ፣ እርሱን አላሰብነውም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ የሽማግሌው ሁለት ጥያቄዎች የዚህ ንግግር ልብ ናቸው።

የመጀመሪያው የደለል ጥያቄ ነው። የዓባያን ሐይቅ ቀይ ያደረገው ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው አፈር እንደ ሆነ በየቀኑ በዐይናችን እናያለን። ከገደል የሚወርድ ውኃ ፈጣን ስለ ሆነ ድንጋይ ሳይቀር ይሸከማል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ይሰበርና ሸክሙን ይጥላል። እኛ መንገዳችንን የሠራነው፣ ቱቦአችንንም የቀበርነው ልክ ሸክሙን በሚጥልበት ስፍራ ላይ ነው። ቱቦው እስከ ግማሹ በደለል ቢሞላ የሚያሳልፈው ውኃ በግማሽ ብቻ የሚቀንስ ይመስለናል። አይደለም፤ የውኃው መንገድ ሲጠብ ግጭቱ ስለሚበዛ የሚቀረው ዐቅም ከመቶ 36 ያህል ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ለውኃ ብቻ የተሰላ ቱቦ ግማሽ ዲዛይን ነው። መድኀኒቱ የታወቀ ነው፦ ከቱቦው በላይ አፈሩ የሚያርፍበት ጕድጓድ ወይም ትንንሽ የድንጋይ እርከን መሥራት፤ በቱቦው ውስጥ ውኃው ደለሉን ጠርጎ የሚያወጣበትን ተዳፋት መስጠት፤ ቱቦውንም ሰው ገብቶ በአካፋ ሊጠርገው በሚችል ወርድ መምረጥ። ድንጋይ በሚበዛበት ፈፋ ላይ ደግሞ ቱቦውን ትቶ በድንጋይ ግንብ ላይ የኮንክሪት ስላብ ማጋደም ይሻላል።

ሁለተኛው የመውጫው ጥያቄ ነው። መንገድ ከመሠራቱ በፊት ውኃው በሰፊው ተበትኖ ይወርድ ነበር። መንገዱ ግን ግራና ቀኝ ባለው ቦይ ሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ ይለቀዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ስንጥቅ ይሆናል፤ በሁለተኛው ቦረቦር ይሆናል፤ በሦስተኛው የአንድ ቤተ ሰብ ማሳ ለሁለት ይከፈላል። ቦረቦሩም ወደ ላይ እየቈፈረ ይመጣና በመጨረሻ ራሱን ቱቦውንና መንገዱን ይጥላል። ስለዚህ በመውጫው ላይ ትላልቅ ድንጋይ መደርደር፣ ውኃውን በእርከን እያሳረፉ ማውረድ፣ ብዙ ውኃ በአንድ ስፍራ ከመልቀቅ ቱቦዎቹን አቀራርቦ ጥቂት ጥቂት መልቀቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ከታች ያለውን ባለ መሬት አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። ዲዛይን የሚያበቃው መንገዱ በሚያበቃበት ሳይሆን ውኃው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ በሰላም በሚገባበት ስፍራ ነው።

ከዚህ ጋራ የአሠራሩም ነገር አለ። ከቱቦው ግራና ቀኝ ያለው አፈር በእኩል እየተጠቀጠቀ ካልተሞላ፣ ከላዩም በቂ አፈር ከሌለው፣ የጭነት መኪና ባለፈበት ቁጥር መገጣጠሚያው ይከፈታል፤ ውኃው በቱቦው ውስጥ ሳይሆን በቱቦው ውጭ መሄድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ከውስጥ ተቦርቡሮ ማለቁ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ጥገናም የዲዛይን ክፍል ነው። የዚህ አገር ዝናብ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴን አይጠብቅም። ትልቁ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይመጣል፤ ሁለተኛው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይከተላል። ስለዚህ ቱቦው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በመጋቢት፣ ሁለተኛውን በነሐሴ መጠረግ አለበት። ፌስታሉና የፕላስቲክ ጠርሙሱ በቱቦው አፍ ላይ ሲከማች እያየን «የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» ብለን የምናልፍ እኛ የውኃ ተማሪዎች ከሆንን፣ ሌላው ሰው ምን ሊያደርግ ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ይህ ትምህርት ቤት በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ሲቋቋም፣ በ1996 ዓ.ም.ም ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከግቢው አጥር ውጭ የሚፈሰው ጎርፍ ነባር ጎረቤቱ ነው። የመልቫኒና የማኒንግ ቀመር ከባሕር ማዶ ቢመጣ ጉዳት የለውም፤ በቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቍጥር ግን ከጋሞ መሬት መነሣት አለበት። ስለዚህ ለኅብረቱ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሴቻና በሲቀላ፣ በከተማይቱም ዙሪያ ያሉትን ከልቨርቶች በቡድን በቡድን ተከፍለን እንቍጠር። የእያንዳንዱን ወርድ፣ የደለሉን ከፍታ፣ የመውጫውን ቦረቦር ጥልቀት እንለካ። ከትልቅ ዝናብ በኋላ ውኃው የደረሰበትን ምልክት በግንቡ ላይ በቀለም እናስምር። ነዋሪዎችንም «እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ብለን እንጠይቅ። ሁሉንም በአንድ መዝገብ እንጻፍ፤ መዝገቡንም ከእኛ በኋላ ለሚመጡት እናስረክብ። ይህን ለማድረግ ሜትርና እርሳስ፣ የሁለት ቅዳሜ ድካምም ይበቃል።

እኛም ያንን ያማረ ሥዕላችንን ቀደን አዲስ ጀምረናል። አዲሱ ሥዕል እንደ ፊተኛው ያማረ አይደለም፤ ከቱቦው በላይ የደለል ማረፊያ፣ ከቱቦውም በታች እስከ ፈፋው መጨረሻ ድረስ የሚወርድ የድንጋይ እርከን ስላለበት ከአንድ ወረቀት አልበቃ ብሎ በሁለት ሆኗል። በሁለተኛው ወረቀት ላይ የሽማግሌው የሙዝ እርሻ ተሥሏል። በፊተኛው ሥዕላችን ላይ ያ ስፍራ ባዶ ነበር።