ምስጋናና ጽናት
(በገና ዋዜማ ለትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ነገ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ማዕድ በሞላበት ቀን ማመስገን ለማንም አይከብድም። ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰሞን ወደ ወላጆቻችን መሄድ ያልቻልነው ተማሪዎች «ሽሮው ቀጠነ» እያልን አጉረመረምን። ወጥ የሚሠሩልን እናት ግን በሌሊት ተነሥተው እሳት ሲያነዱ አንድ ቀን እንኳ አልቀሩም። ያን ጊዜ ልጃቸው ታሞባቸው እንደ ነበረ የሰማነው ከበዓሉ በኋላ ነው፤ እጅግ አፈርን።

ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሳለ በመንፈቀ ሌሊት ዘመሩ። እኛ ግን ሽሮ ስለ ቀጠነ ዝማሬያችንን ተውን!

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ጽናትን በሩቅ አንፈልገው፤ ከወጥ ቤታችን ጢስ ውስጥ አይተነዋል። ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን ሳንለያይ፣ ዛሬ ማታ ሄደን እኒያን እናት ይቅርታ እንጠይቅ፤ እናመስግናቸውም።

እግዚአብሔር ያጽናን።