ልጅ የማይወለድባት መንደር



በሰሜን አሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት ምዕራባዊ ዳርቻ፥ ከፒትስፊልድ ከተማ አጠገብ ሃንኮክ የምትባል መንደር አለች። በመስኩ መካከል ከድንጋይ የታነጸ አንድ ታላቅ ክብ ቤት ቆሟል፤ መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው የምሽግ ግንብ ሊመስለው ይችላል፤ ቀርቦ ሲመለከተው ግን የላሞች በረት ነው። ቤቶቹ ሁሉ ጽኑዓን ናቸው፤ ግቢውም የጸዳ ነው። ነገር ግን እነዚህን ቤቶች ከሠሩት ሰዎች ማኅበር ወገን የሆነ በዚያ የሚኖር ዛሬ አንድ ሰው እንኳ የለም። ንግግሬ ስለዚህች መንደርና ሼከር ስለሚባሉት ስለ ቀድሞዎቹ ባለቤቶቿ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሼከር ማለት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተንቀጥቃጭ ማለት ነው። በጸሎት ጊዜ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ስለ ነበረ ሌሎች ሰዎች ለፌዝ ያወጡላቸው ስም ነው፤ እነርሱም ኋላ ተቀበሉት። መሪያቸው አን ሊ በ1736 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከአንድ አንጥረኛ ተወለደች፤ አግብታ አራት ልጆች ወለደች፤ አራቱም በልጅነታቸው ሞቱባት። ይህች ኀዘንተኛ ሴት ጋብቻን ፈጽሞ መተው እንደሚገባ ማስተማር ጀመረች። በ1774 ስምንት ተከታዮቿን ይዛ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረች። ጦርነትን የሚያወግዙ በመሆናቸው በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ወዳጅ ናት ተብላ ተጠርጥራ በ1780 ታሰረች፤ በ1784ም ዐረፈች። ተከታዮቿ ግን በዙ። የሃንኮክ ማኅበር በ1790 ተቋቋመ፤ መንደሪቱንም «የሰላም ከተማ» ብለው ሰየሟት።

ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው ንብረቱን ለማኅበሩ ይሰጣል፤ ኀጢአቱንም ይናዘዛል። ባልና ሚስት አብረው ቢመጡ እንኳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እኅት ሆነው ይኖራሉ። አድማጭ፥ ይህስ የገዳም ሥርዓት ነው፥ ይል ይሆናል። ልዩነቱ ወንዶቹና ሴቶቹ በአንድ ጣራ ሥር መኖራቸው ነው። በ1830 ሥራው የተጀመረው ታላቁ የጡብ ቤት ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች የሚኖሩበት ሲሆን፥ ለወንዶች የብቻ በርና ደረጃ፥ ለሴቶችም እንዲሁ የብቻ ተሠርቶለታል። ከግድግዳው ጋር ተያይዘው የተሠሩት መሳቢያዎች 369፥ የቁም ሣጥኖቹ መዝጊያዎችም 245 ናቸው። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ቍጥር ሲሰማ ሳይቀና የሚቀር አይመስለኝም። በአስተዳደርም ረገድ ከወንድ ሽማግሌ ጎን እኩል ሥልጣን ያላት ሴት ሽማግሌ ትሾም ነበር፤ ይህም የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1920 ለሴቶች የመምረጥ መብት ከማረጋገጡ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው።

ክቡ በረት የተሠራው በ1826 ነው። ድርቆሽ የጫነ ጋሪ በላይኛው ፎቅ ገብቶ ዙሪያውን እየዞረ ጭነቱን ወደ መካከል ያራግፍና፥ ወደ ኋላ መመለስ ሳያስፈልገው በገባበት በር ይወጣል። ከዚያ በታች ባለው ፎቅ 52 ላሞች ፊታቸውን ወደ መካከሉ አዙረው በክብ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ጥቂት ሰዎች መንጋውን በሙሉ ይመግባሉ። ፍጉም ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ለእርሻው ይጠራቀማል። በ1864 የእንጨቱ ክፍል በእሳት ቢወድም ግድግዳው ስለ ቆመ መልሰው ሠሩት።

ንግዳቸውም እንደ ቤታቸው ነበር። የአትክልት ዘር በትንንሽ የወረቀት ከረጢት እያሸጉ ይሸጡ ነበር። በ1819 የሃንኮክ፥ የኒው ሌባነንና የዋተርቭሊየት ዘር አምራቾች ከውጭ የተገዛ ዘር ከራሳቸው ዘር ጋር ቀላቅለው እንዳይሸጡ በፊርማቸው ተስማሙ። ገዢውም በዚህ ምክንያት አመናቸው።

ከ1830 በኋላ ባሉት ዓመታት የሃንኮክ ሕዝብ 300 ያህል፥ መሬቱም 3,000 ኤከር፥ ማለት በቀድሞው የአገራችን አለካክ 30 ጋሻ ያህል ደርሶ ነበር። ታዲያ መንደሪቱ ለምን ባዶዋን ቀረች? ብዙ ሰዎች «መውለድን የከለከለ ማኅበር መጥፋቱ ምን ያስደንቃል» ብለው በአጭሩ ይመልሳሉ። እኔ ይህ መልስ አይበቃኝም። በዕድገቷም ዘመን ቢሆን በሃንኮክ ልጅ አይወለድም ነበር፤ ሆኖም አደገች። ሕዝቧ የሚበዛው በሚመጣ ሰው ነበር። ባሏ የሞተባት፥ እርሻው አልበቃው ያለ፥ አሳዳጊ ያጣ ሕፃን፥ ሁሉም በዚያ እንጀራ፥ መጠለያና ሥራ ያገኝ ነበር። ያደጉት ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው መቅረትም መሄድም በፈቃዳቸው ነው።

ኋላ ግን ፋብሪካ በዛ፤ ሼከሮች በእጃቸው የሚሠሩትን ዕቃ በርካሽ አወጣው። ከተማው ለወጣቱ ደመወዝ አቀረበለት፤ በምዕራብም አዲስ መሬት ተከፈተ። እጓለ ማውታዎችንም ሌሎች ድርጅቶች መቀበል ጀመሩ። ወጣቱ ሄደ፤ በምትኩ የሚመጣ ግን አልነበረም። ይልቁንም ወንዶቹ ቀድመው አለቁ፤ እኅቶች እርሻውን በቅጥር ሠራተኛ ማሠራት ግድ ሆነባቸው። መሬቱም ጥቂት በጥቂት ተሸጠ። በ1938 የጸሎት ቤታቸው ራሱ ፈረሰ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ለጸሎት የተሰበሰቡ ሰዎች የተሰበሰቡበትን ቤት የሚያቆሙበት አቅም አጡ።

በ1960 መንደሪቱ ኤሚ ቤስ ሚለር ለሚመሩት የአካባቢው ሰዎች ኮሚቴ ተሸጠች፤ በሚቀጥለውም ዓመት ቤተ መዘክር ሆና ተከፈተች። ለፈረሰው ጸሎት ቤት ምትክ፥ ሸርሊ ከምትባለው ከሌላዋ የሼከር መንደር በ1793 የተሠራ ጸሎት ቤት በ1962 ተጓጕዞ በስፍራው ቆመ። ክቡም በረት በ1968 ታደሰ። በሜይን ግዛት፥ በሳባትዴይ ሌክ፥ በጣት የሚቈጠሩ ሼከሮች ዛሬም አሉ።

በሃንኮክ መቃብር ስፍራ በየሙታኑ ራስጌ የነበሩት ድንጋዮች ተነሥተው በምትካቸው አንድ ሐውልት ለሁሉም ቆሞላቸዋል። የማንም ስም ለብቻው አልተጻፈበትም።