የጥድ አጥር ሲደርቅ፦ ከመቁረጥ በፊት ምን እንጠይቅ?



እዚህ ድሬዳዋ ተገኝቼ ስለፈረንጅ ጥድ አጥር መድረቅ ስናገር አንድ ነጥብ ላይ አተኩራለሁ፤ የቅጠል ቡናማ መሆን ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። ምክንያቱን ሳይለዩ መቁረጥ ዋጋ ያስከፍላል። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ቅጠል አልባ እስከሆነው አሮጌ ቅርንጫፍ ድረስ ከተቆረጠም ክፍተቱ አይሞላም።

ስለዚህ አስቀድመን የድርቀቱን ሥርጭት እንመልከት። በሁሉም ዛፎች ላይ የውስጠኛው አሮጌ ቅጠል ብቻ ቡናማ ከሆነ ተፈጥሯዊ መርገፍ ነው። በአስፋልት ወይም በግንብ በኩል ያለው ገጽ ብቻ ከደረቀ ሙቀትን፣ ነፋስን ወይም የአረም መድኃኒትን እንጠርጥር። ዛፉ በሙሉ ከጫፉ ጀምሮ ከደረቀ ሥሩን ቆፍረን እንይ፤ የውኃ እጥረትና የውኃ መተኛት በቅጠል ላይ ይመሳሰላሉና። አንድ ቅርንጫፍ ተነጥሎ ሞቶ፣ ከሰረጎደ ቅርፊቱ ሙጫ ከፈሰሰ፣ በፈንገስ የሚመጣው ካንከር ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው።

የጥድ ክሽክሽም አይረሳ። ይህ ተባይ በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ በኋላም ወደ አገራችን ዘለቀ። የቅርንጫፉን ጭማቂ ይመጣል፤ በሚተወው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ላይም ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። አስቸጋሪው ነገር ጉዳቱ ጎልቶ በሚታይበት ጊዜ ተባዩ ብዙውን ጊዜ ስፍራውን መልቀቁ ነው። ያኔ መድኃኒት የሚረጭ ሰው የሌለ ጠላት ይወጋል፤ ክሽክሽ የሚበሉትንም ጥንዚዛዎች ይፈጃል።

የፈረንጅ ጥድ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው። ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። ስለሆነም እዚህ የደረቀ ጥድ ስናይ ከተባይ በፊት ሙቀትንና ጥማትን መመርመር ይገባናል፤ የተጨነቀ ዛፍ ለካንከርም የተጋለጠ ነውና።

በመጨረሻም ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ቅርንጫፉ ሕያው ነው፤ ታገሡት። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ሕያው ክፍል እስኪገኝ ብቻ ቁረጡ። ዛፉ ፈጽሞ ከሞተ ደግሞ በምትኩ ሌላ ጥድ ከመትከላችን በፊት፣ «ይህ ዛፍ ለዚህ አየር ይስማማልን?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ አሉታ ከሆነ፣ መቀየር ያለበት የዛፉ ዓይነት ነው።